ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር ወይስ ባለንበት እንቆይ?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ኮምፒውተር ያላችሁ አስነሱትና አጠገባችሁ አድርጉት። ወረቀትና እስክሪብቶም ያዙ። ኮምፒውተር የሌላችሁም አትሂዱብኝ፤ ልጃችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ ነገ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የዛሬው ጉዳያችን ዊንዶውስ ነው። ኮምፒውተሩን ስናበራው መጀመሪያ የሚነሳው፣ ዎርዱንም ፕሪንተሩንም ኢንተርኔቱንም አቀናጅቶ የሚያሠራው ዋናው ፕሮግራም፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ። ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ ብዙዎቻችሁ ድጋፉ እንዳበቃ የሚገልጽ መልእክት ስክሪናችሁ ላይ አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደንግጣችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ኤክስ የሚለውን ተጭናችሁ ወደ ሥራችሁ ተመልሳችኋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር? ወይስ ባለንበት እንቆይ?

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። አዲስ ስለሆነ ብቻ አትሻገሩ፤ ስለለመዳችሁት ብቻም አትቆዩ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ምን ሥራ ነው የምትሠራው? ኢንተርኔት ላይ ትወጣለህ ወይ? የያዝከውስ የማንን ፋይል ነው? እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፤ በየመሀሉ እንመለስባቸዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ፣ ምንድን ነው ያበቃው? ዊንዶውስ 10 የወጣው በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ማይክሮሶፍት በየወሩ አፕዴት ሲልክ ቆየ። አፕዴቱ የሚበዛው የደህንነት ነበር። ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የሚደፍን ማለት ነው። ይህ ነፃ አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው።

እና ኮምፒውተራችን ይቆማል? አይቆምም! ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ቤቱ እንዳለ ነው፤ ዘበኛው ግን ተሰናብቷል። ቤቱ በዚያው ሌሊት አይዘረፍም። ዘበኛ እንደሌለው እየታወቀ በሄደ ቁጥር ግን የሚሞክረው እየበዛ ይመጣል። ከእንግዲህ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ይደፍናል፣ ዊንዶውስ 10 ግን፣ በኋላ የምናየው ልዩ ምዝገባ ከሌለው፣ ሳይደፈን ይቀራል። ይባስ ብሎ፣ ለአዲሱ የወጣው ማስተካከያ አሮጌው የት ላይ ክፍት እንደሆነ ለክፉ አሳቢ ይጠቁመዋል።

"ይኼ ማስፈራሪያ ነው፣ አዲስ ኮምፒውተር ለመሸጥ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴ ነጋዴ ነው። ግን ቀዳዳ ሳይደፈን ሲቀር ምን እንደሚከተል ዓለም አንድ ጊዜ በደንብ አይቶታል።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ አርብ ዕለት ነው። ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ተነሳ። ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ፋይሉን ሁሉ ይቆልፍና "እንዲከፈትላችሁ 300 ዶላር በቢትኮይን ክፈሉ" የሚል ቀይ መስኮት ያወጣል። ሰው ምንም ሳይጫን፣ ምንም ሳይከፍት፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትወርኩ በኩል ይዘላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ 150 ያህል አገሮችን አዳረሰ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሕመምተኛ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል እስከ ማዞር ደረሱ።

አሁን ልብ በሉ። ያንን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት የወጣው መጋቢት 5 ቀን ነው፤ ከጥቃቱ ሁለት ወር አስቀድሞ! ከተጠቁት አብዛኞቹ ያኔ ድጋፍ የነበረው ዊንዶውስ 7 ያላቸው ነበሩ። አፕዴቱ ደጃቸው ደርሶ ሳለ አልጫኑትም። ድጋፉ ከሦስት ዓመት በፊት ያበቃው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ መጀመሪያውኑ ማስተካከያ አልወጣለትም ነበር፤ ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው ማይክሮሶፍት ለእሱም በአስቸኳይ ያወጣለት።

ስለዚህ ደግሜ ልበለው፤ ዊንዶውስ 11 አስጭኖ አፕዴቱን የሚያጠፋ ሰው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ከቀረው ሰው ብዙም አይሻልም። ካርድ ይበላል ብላችሁ አፕዴት የዘጋችሁ ካላችሁ፣ በወር አንድ ቀን ዋይፋይ ወዳለበት ቦታ ይዛችሁት ሂዱና እዚያ አስጨርሱት።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ልሻገር ብላችሁ ወሰናችሁ እንበል። ኮምፒውተራችሁ ይችላል ወይ? ትልቁ እንቅፋት እዚህ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ማንኛውንም ኮምፒውተር አይቀበልም።

አሁን ኮምፒውተሩ ፊታችሁ ያለ፣ አብረን እንሥራ። ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ አር የሚለውን ፊደል ተጫኑ። ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። እሷ ላይ ደብልዩ፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። መጣ? የትኛው ዊንዶውስ እንደሆነ እዚያው ይነግራችኋል። ቀጥሎ ሴቲንግ ክፈቱ፤ ሲስተም፣ ከዚያ ከታች አባውት የሚለው ውስጥ ግቡ። ፕሮሰሰር የሚል መስመር ታያላችሁ። ያንን መስመር እንዳለ ወረቀታችሁ ላይ ገልብጡት።

(ለአፍታ ዝምታ፤ አድማጮች እስኪጽፉ)

ገለበጣችሁ? ኢንቴል ከሆነ "ኮር አይ 5" ወይም "ኮር አይ 7" ይልና ከሰረዝ በኋላ ቁጥር አለ። ዋናው ነገር ያ ቁጥር ነው። 4300 ከሆነ አራተኛ ትውልድ ነው። 6200 ከሆነ ስድስተኛ። 8250 ከሆነ ስምንተኛ። አምስት አሃዝ ሆኖ 10210 ቢል አሥረኛ ነው። ዊንዶውስ 11 በደንቡ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። በተጨማሪ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል። በ4 ጊጋባይት ራም ይነሳል እንጂ ሥራ አያሠራችሁም፤ 8 ይኑራችሁ። ቲ ፒ ኤም የለም ከተባላችሁ ደግሞ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑት ብዙውን ጊዜ አላቸው፤ ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ ውስጥ ጠፍቶ ነው። ባለሙያ በደቂቃዎች ያበራዋል።

ገበያ ላይ ግን ምን ይባላል? "አይ ፋይቭ ነው፣ ምርጥ ዕቃ ነው።" አድማጮቼ፣ አይ ፋይቭ ሁሉ አንድ አይደለም! ከዱባይ የሚገባው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የሚመጣው፣ መሥሪያ ቤት በጨረታ የሚያስወግደው፣ ብዙው አይ ፋይቭ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ አራተኛ ትውልድ፣ አንዱ ስምንተኛ። ዛሬ ኮምፒውተር የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት ትውልዱን ይሁን። ትውልዱ ስንት ነው? ይህንኑ ጥያቄ ውጭ ላለው ወንድማችሁም ላኩለት፤ ከገዛ በኋላ ሳይሆን ከመግዛቱ በፊት።

ሌላም አለ። አራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 ተጭኖ ልታዩ ትችላላችሁ። ፍተሻውን የሚያስዘልል መንገድ አለ፤ ባለሙያዎች ያውቁታል። ይሠራል፣ ያምራልም። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት የመላክ ግዴታ የለብኝም ብሏል። አፕዴት ፍለጋ ተሻግሮ አፕዴት የማያስተማምን ቦታ መድረስ ምን ይጠቅማል? ለጨዋታና ለፊልም ይሁን፤ ደንበኛ መታወቂያውን ኮፒ ለሚያስደርግበት ኮምፒውተር ግን አልመክርም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች እንመለስ። ምን ሥራ ይሠራል? ኢንተርኔት ላይ ይወጣል? የማን ፋይል አለበት?

አንዲት የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያላት እህት እናስብ። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ሲቪ ታዘጋጃለች፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ታርማለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ይሰካባታል። ኮምፒውተሯ ውስጥ የብዙ ሰው መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ አለ። ኢንተርኔትም ትጠቀማለች። ሦስቱንም ጥያቄ ስንጠይቃት መልሱ ግልጽ ነው፤ መሻገር አለባት። ግን እንዴት? የኔ ዋና ስጋት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ባለሙያው "ፎርማት ላድርገው?" ሲላት "እሺ" ካለች፣ ማግስቱን የአማርኛ ሥራዋ ሊበላሽ ይችላል።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ኒያላ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ የግዕዝ ፎንት ነው፤ ብዙ ደብዳቤ የተጻፈው በእሱ ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በአዲስ መልክ ሲጫን ኒያላ አብሮ አይገባም። ፋይሉን ስትከፍቱት ፊደሉ ይነበባል፤ ግን ኢብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ተተክቶ ነው። ስፋቱ ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል፣ አንድ ገጽ የነበረው ማመልከቻ ፊርማው ብቻ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል፣ ሠንጠረዡ ይዛነፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚለውን ፈልጉ። እዚያ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚል ታገኛላችሁ። እሱን ጫኑ፤ ኒያላ ይመለሳል። ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ ሰው በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የቆዩ ፎንቶች ይጽፍ ነበር። እነዚያ ፋይሎች ፎንቱ ከሌለ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ሆነው ነው የሚከፈቱት። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የድሮ የውል ሰነድ፣ ስንቱ በዚህ መልክ ተቀምጧል! ፋይሉ አልጠፋም፤ ማንበቢያው ነው የጠፋው። ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቡና የግዕዝ ፎንቶቻችሁን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የፓወር ግዕዙን መጫኛም ካላችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።

ደግሜ ልበለው? ልድገመው። ከፎርማት በፊት ፋይሉ ብቻ ሳይሆን ፎንቱም ይገልበጥ። ፎንቱም!

የሒሳብ ሠራተኞች፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም። የምትሠሩበት የቆየ የፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ቅጂ ሲዘጋጅ ዊንዶውስ 11 አልነበረም። በእሱ ላይ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል፤ ሳይሞከር አይታወቅም። የበጀት ዓመት መዝጊያ ሰሞን የሚደረግ ሙከራ ደግሞ አይደለም። መጀመሪያ በራሱ በፒችትሪ የባክአፕ ትእዛዝ ዳታውን አውጡ፣ በሌላ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ፣ ሪፖርቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መምጣቱን አረጋግጡ። ለአሮጌ ፕሪንተርም እንዲሁ። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው፤ ድራይቨሩ ባለ 32 ቢት ብቻ የሆነ ፕሪንተር አይሠራለትም።

(አጭር ሙዚቃ)

መሻገር ያልቻለ፣ ወይም ጊዜ የሚፈልግ ሰውስ? ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10 የደህንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቀጥልበት መርሐ ግብር አውጥቷል። በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማያያዝ በነፃ መመዝገብ ይቻላል። የመመዝገቢያው ማስታወቂያ የሚታየው አፕዴት ገጹ ላይ ነው፤ ዊንዶውሱ 22 ኤች 2 የሚባለው የመጨረሻው ቅጂ መሆን አለበት። ይህ ጊዜ መግዣ ነው። ኮምፒውተር ለመቀየር ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ከሆነ ተጠቀሙበት።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ በግልጽ ላንሳ። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ በክራክ፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ፣ የተከፈተ ነው። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዋጋው ነው። ግን ክራክ የሚሠራው ፕሮግራም ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሲጫንም "አንቲቫይረሱን አጥፋው" ይላል። ዘመናዊ ላፕቶፕ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ሕጋዊ ፈቃዱ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመጣው። ተመሳሳዩ ዊንዶውስ፣ ለምሳሌ ሆም ከነበረ ሆም፣ ሲጫንበት ኢንተርኔት እንዳገኘ በራሱ ይከፈታል። ስለዚህ "ክራክ ልጫንልህ?" ስትባሉ፣ "መጀመሪያ የራሱ ፈቃድ እንዳለው እንይ" በሉ።

ኢንተርኔት የማትጠቀሙ፣ ለጽሕፈት ብቻ የምትጠቀሙ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ብትቆዩ አልቃወምም። ፍላሽ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ቫይረስ በእሱም ይገባል። አሮጌ ኮምፒውተር ይዛችሁ ኢንተርኔት የግድ ለሚያስፈልጋችሁ ደግሞ ሊኑክስ አለ። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የሚባሉት ነፃ ናቸው፣ አፕዴታቸውም ነፃ ነው፣ ሳትጭኑ ከፍላሽ አስነስታችሁ ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ። ለተማሪ ልጅ፣ ለኢሜይልና ለንባብ፣ በጣም እወዳቸዋለሁ። ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ ግን የዊንዶውስ ናቸው፤ እዚያ አትጠብቋቸው።

ኮምፒውተሬ ስለሚንቀራፈፍ ልሻገር የምትሉ አላችሁ? አዲሱ ዊንዶውስ ኮምፒውተር አያፈጥንም። አሮጌውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው ዲስክ ማስቀየር ነው የሚያፈጥነው። ብዙ ጊዜ የሰው ምሬት በዚያ ያበቃል።

(ሙዚቃው ከበስተጀርባ ቀስ ብሎ ይጀምራል)

በሚጫንበት ቀን ምን ታደርጋላችሁ? የመጫኛ ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ጥቅላችሁን አስቡበት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩ ፒ ኤስ ይኑረው፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ጣጣው ብዙ ነው። ፎቶውንና ሰነዱን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ፣ ከፍታችሁ አይታችሁ፣ ከዚያ ጀምሩ።

ባለሙያ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ የማይክሮሶፍት አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት። ይህን ለምን አጠብቃለሁ? አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ዲስካቸውን በራሳቸው ጊዜ ይቆልፋሉ። አንድ ቀን ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ቁጥሩ የሚቀመጠው አካውንቱ ውስጥ ነው። አካውንቱ የባለሙያው ከሆነ የፋይላችሁ ቁልፍ በሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ፎርማት ሳታደርጉ፣ ከ10 ወደ 11 በቀጥታ የተሻገራችሁ፣ ካልተመቻችሁ ለ10 ቀን ያህል ወደ ነበራችሁበት መመለስ ትችላላችሁ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚል አለ። በእነዚያ 10 ቀናት ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ የአማርኛ ጽሑፉን ሁሉንም ሞክሩ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ያ አማራጭ የለም።

ወረቀታችሁ ላይ የገለበጣችሁትን የፕሮሰሰር ቁጥር ከሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ጋር ጻፉልን። በሚቀጥለው ሳምንት ከደብዳቤዎቻችሁ እየመረጥን እንመልሳለን፤ በቆየ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ እንዴት እንደሚቀየሩም እናያለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ፤ ቸር ያሰማን!

(የመዝጊያ ሙዚቃ)